የዕቃ ስምና መግለጫ በሦስት ቋንቋ፦ ዳታቤዙን እንዴት እናዋቅረው?

ጅማ ላይ የገበያ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው ቀን በሦስት ቋንቋ ማሰብ አለበት። የጅማው ሂርማታ ሰፈር ያለው የማር ነጋዴ ዕቃውን የሚያስተዋውቀው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከአዲስ አበባ የሚደውልለት ደንበኛ አማርኛውን ይፈልጋል። ቡና የሚገዛው የውጭ ኩባንያ ደግሞ እንግሊዝኛውን ያነባል። ሁሉም የሚያዩት አንድ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም አንድ ነው።

"ግዛ"፣ "ፈልግ"፣ "ተመለስ" የሚሉትን የገጹን ቋሚ ቃላት መተርጎም አያስቸግርም። ቁጥራቸው የታወቀ ነው፤ ከኮዱ ጋር አብረው በትርጉም ፋይል ይቀመጣሉ። የድረ ገጽ መሥሪያ የሆኑት ጃንጎም ላራቬልም ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አላቸው። የሚያስቸግረው ሰዎች በየቀኑ የሚያስገቡት ጽሑፍ ነው። የዕቃ ስም፣ መግለጫ፣ ማስታወቂያ። ይህ የሚኖረው ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በደንብ ካልተዋቀረ፣ ቆይቶ ማስተካከሉ አድካሚ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የጅማ ነጋዴዎች ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማና ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሸጡበትን ድረ ገጽ እንውሰድ። ዳታቤዙ መረጃን የሚይዘው በቴብል (በሰንጠረዥ) ነው፤ ኮለም የሚባለው የሰንጠረዡ ዓምድ ነው። የቴብልና የኮለም ስሞችን እዚህ በአማርኛ እጽፋቸዋለሁ፤ ኮዳችሁ ላይ በላቲን ፊደል ብትሰይሟቸው ይሻላል።

1. የሚተረጎመውን ከማይተረጎመው ለዩ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። ስለ አንድ ዕቃ የምታስቀምጡትን ሁሉ ዘርዝሩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ አንባቢው ቋንቋ ሲቀይር ይህ ይቀየራል?

ዋጋ አይቀየርም። ክብደት፣ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ የቀረው መጠን አይቀየሩም። ስምና መግለጫ ይቀየራሉ። እስከዚህ ግልጽ ነው፤ ማሰብ የሚጠይቁት መሃል ላይ ያሉት ናቸው።

የሰፈር ስምን ውሰዱ። ጂሬን በአማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ይጻፋል። ስለዚህ ሰፈር በዕቃው መግለጫ ውስጥ የሚጻፍ ነጠላ ቃል መሆን የለበትም። የራሱ ቴብልና የራሱ ትርጉም ይኑረው፤ ዕቃው የሰፈሩን ቁጥር ብቻ ይያዝ። የቡና ደረጃም እንዲሁ ነው። "ጅማ 5" የንግድ ስም ነው። እንደ ኮድ አስቀምጡት እንጂ ለተርጓሚ አትስጡት። "የታጠበ" እና "ያልታጠበ" የሚሉት ግን ይተረጎማሉ፤ እነሱም አጭር ዝርዝር ስለሆኑ አንዴ ተተርጉመው ቢቀመጡ ይበቃል።

ቀንና ሰዓት በአንድ መልክ ብቻ ይቀመጡ። ዳታቤዙ ውስጥ በዓለም አቀፉ አቆጣጠርና በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ) ሰዓት አስገቧቸው። አማርኛ አንባቢው ሲከፍተው በኢትዮጵያ አቆጣጠር "ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ብላችሁ አሳዩት። እንግሊዝኛ አንባቢው ያንኑ ሰዓት 9 ሆኖ ያየዋል። ይህ የአቀራረብ ሥራ ነው፤ ሁለት ጊዜ አይቀመጥም።

2. ዳታቤዙ ፊደላችንን በትክክል መቀበሉን አረጋግጡ

ግዕዝ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ) ውስጥ የገባው በስሪት 3.0፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ያንን ቁጥር በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የተለመደ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ በተለምዶ "ዩቲኤፍ8" የሚባለው የድሮ አማራጭ እስከ 3 ባይት ብቻ ስለሚቀበል አማርኛ ያለ ችግር የሚያልፍ ይመስላል። ነገር ግን በ2021 እ.ኤ.አ. በስሪት 14 ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩ ፊደላት 4 ባይት ናቸው። ኢሞጂም 4 ባይት ነው፤ ነጋዴ ደግሞ መግለጫው ላይ ኢሞጂ ማስገባት ይወዳል። ስለዚህ ምርጫው "ዩቲኤፍ8ኤምቢ4" ብቻ ነው። ማይኤስኪውኤል 8.0 ላይ ቀድሞውኑ የተመረጠው እሱ ነው፤ የቆየ ሰርቨር ላይ ግን ራሳችሁ ማየት አለባችሁ። ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላው ዳታቤዝ ላይ ዳታቤዙ በዩቲኤፍ-8 መፈጠሩን ማረጋገጥ ይበቃል።

ቴብሉ ብቻ ሳይሆን ከመተግበሪያው ወደ ዳታቤዙ የሚሄደው ግንኙነትም በዚያው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ ስልት) መሆን አለበት። ካልሆነ ስሙ "????" ሆኖ ይቀመጣል። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ዋናው ፊደል ጠፍቷል፤ ኢንኮዲንግ በመቀየር አይመለስም። በመጀመሪያው ቀን አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አስገቡና መልሳችሁ አንብቡት።

ሌላም ነገር አለ። ነጋዴዎችና መሥሪያ ቤቶች የቆየ የዎርድ ሰነድ ይሰጧችኋል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ገልብጣችሁ ስታስገቡት ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይሆናል። በመቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ ከዚያም አማርኛ የሚያነብ ሰው ይየው። አጭር ከሆነ እንደገና መተየቡ ይፈጥናል።

3. የትርጉም ማስቀመጫውን መልክ ምረጡ

የተለመዱ አራት መንገዶች አሉ። የምመርጠውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ለየቋንቋው ኮለም መጨመር ነው። "ስም በአማርኛ"፣ "ስም በአፋን ኦሮሞ"፣ "ስም በእንግሊዝኛ"። ጃንጎ ላይ "ሞዴልትራንስሌሽን" የሚባለው ፓኬጅ የሚሠራው እንዲህ ነው። ለማንበብ ፈጣን ነው፤ ቋንቋዎቹ ሁለት ሆነው መቼም የማይጨምሩ ከሆነ አልቃወምም። ግን አራት የሚተረጎሙ ጽሑፎች በሦስት ቋንቋ 12 ኮለም ናቸው። ነገ የሳዑዲ ቡና ገዢዎች መጥተው ዐረብኛ ካስፈለገ 16 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱን ቴብል መንካት ይኖርባችኋል። ትርጉሙን ማን እንደሠራውና መቼ እንደሠራው የምትጽፉበት ቦታም የለም።

ሁለተኛው ሁሉንም ቋንቋ በአንድ የጄሰን ኮለም (የቋንቋው ኮድና ጽሑፉ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚጻፉበት መልክ) ማስቀመጥ ነው። ላራቬል ላይ የስፓቲ የትርጉም ፓኬጅ ይህን ይጠቀማል። ፖስትግሬስ ላይም "ጄሰንቢ" ጥሩ ድጋፍ አለው። አዲስ ቋንቋ ለመጨመር ቴብሉን መቀየር አያስፈልግም። ችግሩ ሁለት ተርጓሚዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ይመጣል። አንዷ አማርኛውን፣ ሌላው አፋን ኦሮሞውን ከፍተው እያረሙ ነው እንበል። መተግበሪያው ሙሉውን ኮለም መልሶ የሚጽፍ ከሆነ፣ ዘግይቶ ያስቀመጠው ሰው ቀድሞ የተቀመጠውን ሥራ ያጠፋዋል። እንደ "የታጠበ" እና "ያልታጠበ" ላሉ አጫጭር ዝርዝሮች ግን ጄሰን በቂ ነው።

ሦስተኛው ለድረ ገጹ በሙሉ አንድ ግዙፍ የትርጉም ቴብል ነው። የቴብሉ ስም፣ የረድፉ ቁጥር፣ የኮለሙ ስም፣ ቋንቋው፣ ጽሑፉ። ሲያዩት ያምራል። ከዚህ ግን ራቁ። ዳታቤዙ ፎሪን ኪ (አንዱን ረድፍ ከሌላ ቴብል ረድፍ ጋር የሚያስር ቁልፍ) ሊያስቀምጥበት ስለማይችል ዕቃው ሲሰረዝ ትርጉሙ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። 20 ዕቃ፣ እያንዳንዱ ከሦስት ጽሑፍ ጋር ለማሳየትም 60 ረድፍ ሰብስቦ መገጣጠም ይጠይቃል።

አራተኛው ለእያንዳንዱ ቴብል የራሱን የትርጉም ቴብል መስጠት ነው። "ዕቃ" ካለ "የዕቃ ትርጉም" ይኖራል። ጃንጎ ላይ "ፓርለር"፣ ላራቬል ላይ "አስትሮቶሚክ" በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ምርጫዬ ይህ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ትርጉም የራሱ ረድፍ ሲኖረው የራሱ ተርጓሚ፣ የራሱ ቀንና የራሱ ሁኔታ ሊኖረው ይችላል። ትርጉም አንድ ሰው ደክሞ የሠራው ሥራ ነው፤ ዳታቤዙም እንደዚያ ሊይዘው ይገባል።

4. ቴብሎቹን ፍጠሩ

ለዕቃው ጽሑፍ ሦስት ቴብሎች ያስፈልጋሉ።

"ቋንቋ" የሚባለው የቋንቋውን ኮድ፣ ቋንቋው ራሱን የሚጠራበትን ስም፣ የጽሑፉን አቅጣጫ፣ አሁን ክፍት ነው ወይስ ገና በዝግጅት ላይ የሚለውን ይይዛል። ለኮዱ የራሳችሁን ምህጻረ ቃል አትፍጠሩ። አይኤስኦ 639 ለአማርኛ "ኤኤም"፣ ለአፋን ኦሮሞ "ኦኤም"፣ ለእንግሊዝኛ "ኢኤን" ይላል፤ ብራውዘሮችም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። አቅጣጫውን አሁን አስገቡት። ዐረብኛ ሲመጣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

"ዕቃ" የሚባለው መለያ ቁጥር፣ የነጋዴው ቁጥር፣ ዋጋ፣ ክብደት፣ የሰፈር ቁጥርና የመነሻ ቋንቋ (ነጋዴው መጀመሪያ የጻፈበት) ይኖረዋል። አንድም የሚተረጎም ጽሑፍ እዚህ አይገባም። በመነሻ ቋንቋ የተጻፈው ራሱ እንኳ የሚቀመጠው ትርጉም ቴብሉ ውስጥ ነው።

"የዕቃ ትርጉም" የሚባለው የዕቃው ቁጥር፣ የቋንቋው ኮድ፣ ስም፣ መግለጫ፣ ሁኔታ (ረቂቅ ነው ወይስ የጸደቀ)፣ ተርጓሚ፣ የታረመበት ቀን ይኖረዋል። ፕራይመሪ ኪው (ረድፉን ከሌላው የሚለየው ቁልፍ) የዕቃው ቁጥርና የቋንቋው ኮድ አንድ ላይ ናቸው። ይህ አንድ ዕቃ በአንድ ቋንቋ ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው ያደርጋል። የዕቃው ቁጥር ፎሪን ኪ ይሁን፤ ዕቃው ሲሰረዝ ትርጉሙም አብሮ እንዲሰረዝ "ኦን ዲሊት ካስኬድ" አድርጉበት። ስምና መግለጫ ባዶ መሆን አይፈቀድላቸው፤ ክፍተት ብቻ የተጻፈበትንም ፎርሙ ይመልስ። በስም ቅደም ተከተል የምትዘረዝሩ ከሆነ በቋንቋና በስም ላይ ሌላ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ጨምሩ።

5. የመነሻ ቋንቋ የዕቃው እንጂ የድረ ገጹ አይደለም

ይህን ነጥብ አጥብቄ ነው የምለው። ብዙ መመሪያዎች "ዋና ቋንቋ" የሚባል አንድ ቅንብር አስቀምጡና ሌላው ሁሉ የሱ ትርጉም ይሁን ይላሉ። ጅማ ላይ ይህ አይሠራም።

ከማና ወይም ከጎማ ወረዳ የመጣ ቡና አቅራቢ በአፋን ኦሮሞ ይጽፋል። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያለው ባለሱቅ በአማርኛ ይጽፋል። አማርኛን ዋና ቋንቋ ብላችሁ ኮዱ ውስጥ ከቸነከራችሁት የመጀመሪያው ሰው ዕቃውን ለመመዝገብ መጀመሪያ አማርኛ መጻፍ ወይም ተርጓሚ መፈለግ ይኖርበታል። አፋን ኦሮሞን ዋና ብታደርጉት ችግሩ በሁለተኛው ሰው ላይ ይወድቃል። በገዛ ከተማው፣ በገዛ ቋንቋው ዕቃውን መመዝገብ ያልቻለ ነጋዴ ተመልሶ አይመጣም።

መፍትሔው ከላይ ያስገባነው አንድ ኮለም ነው። ነጋዴው ዕቃውን ሲመዘግብ "በምን ቋንቋ እየጻፉ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ የዕቃው መነሻ ቋንቋ ይሆናል። ሌሎቹ ቋንቋዎች ከዚያ ይተረጎማሉ።

6. ትርጉም ሲጠፋ ዕቃው አይጥፋ

አንባቢው አማርኛ መርጧል፤ ዕቃው ግን ገና ወደ አማርኛ አልተተረጎመም። ምን ይታየው?

ዕቃውንና ትርጉሙን በሁለቱም በኩል ያለውን ረድፍ ብቻ በሚያወጣው በ"ኢነር ጆይን" ካገናኛችኋቸው ዕቃው ከዝርዝሩ ይሰወራል። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም። ማንም አያስተውለውም። ነጋዴው ብቻ ሽያጭ አጥቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ትርጉም ቴብሉን ትርጉም ባይኖርም ዕቃውን በማይጥለው በ"ሌፍት ጆይን" ሁለት ጊዜ አገናኙት። የመጀመሪያው አንባቢው በመረጠው ቋንቋ፣ ሁለተኛው በዕቃው መነሻ ቋንቋ። ከዚያ "ኮአሌስ" በሚባለው ፈንክሽን የመጀመሪያው ካለ እሱን፣ ከሌለ ሁለተኛውን ውሰዱ። ረቂቅ ትርጉም እንዳይወጣ የምታደርጉትን ማጣሪያ የመጀመሪያው ጆይን ቅድመ ሁኔታ ላይ ጻፉት። የመጨረሻውን ውጤት በሚያጣራው በ"ዌር" ላይ ከጻፋችሁት ሌፍት ጆይኑ ዋጋ ያጣና ዕቃው እንደገና ይሰወራል።

ስምና መግለጫ ሁለቱም ከአንድ ቋንቋ ይምጡ። ስሙ በአማርኛ፣ መግለጫው በአፋን ኦሮሞ ሆኖ አንድ ካርድ ላይ ቢወጣ አንባቢ ይደናገራል። ትርጉም ሙሉ ሲሆን ብቻ ይውጣ።

ጽሑፉ የመጣው ከሌላ ቋንቋ ከሆነ አንባቢው ይወቀው። "ይህ መግለጫ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው" የምትል ትንሽ መስመር ትበቃለች። ኤችቲኤምኤሉ ላይም የዚያን ክፍል ቋንቋ በትክክለኛው ኮድ አመልክቱ። ለማየት የሚቸገሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ስክሪን አንባቢ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

ሁሉንም በአንድ የዳታቤዝ ጥያቄ አምጡ። ለ20 ዕቃ ትርጉም 20 ጊዜ ወደ ዳታቤዝ መመላለስ ገጹን ያዘገየዋል፤ ኢንተርኔቱ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ደግሞ የባሰ ነው።

7. ያረጀውን ትርጉም ለዩ

ነጋዴው መግለጫውን ቀየረ። "የዘንድሮ ማር" የነበረው "የአምና ማር" ሆነ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ግን አሁንም የዘንድሮ ይላሉ። ይህ ገዢን ማሳሳት ነው፤ ቴክኒክ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት።

ዕቃው ላይ "የጽሑፍ ስሪት" የሚባል ቁጥር ጨምሩ። በመነሻ ቋንቋ ያለው ስም ወይም መግለጫ በተቀየረ ቁጥር በአንድ ይጨምር። እያንዳንዱ ትርጉም ደግሞ የትኛውን ስሪት አይቶ እንደተሠራ ይመዝግብ። ዕቃው ስሪት 5 ላይ ሆኖ ትርጉሙ ስሪት 3 ካለ አርጅቷል፤ ወደ ተርጓሚው ዝርዝር ይግባ። በስሪት ፈንታ ዕቃው የታረመበትን ቀን ብቻ ብታወዳድሩ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ሁሉም ትርጉም ያረጀ መስሎ ይታያል። የስሪት ቁጥሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ነጋዴዎች ዋጋ መግለጫው ውስጥ እንዳይጽፉ ፎርሙ ላይ ንገሯቸው። ዋጋ የራሱ ቦታ አለው። መግለጫ ውስጥ የገባ ዋጋ በአንዱ ቋንቋ ተቀይሮ በሌላው ይቀራል፤ ከደንበኛ ጋር ያጣላል።

በማሽን የተተረጎመውን በሁኔታ ኮለሙ ላይ እንደዚያው ምልክት አድርጉበት። ሰው አይቶ ካጸደቀው በኋላ ሁኔታው ይቀየር።

8. ፍለጋው ሰው እንደሚጽፈው ይሁን

አማርኛ የሚተይብ ሰው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ ልማዱ ይቀያይራል። "ዓመት" እና "አመት" ለኛ አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ግን የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ትርጉም ቴብሉ ላይ "መፈለጊያ" የሚባል ሌላ ኮለም ጨምሩ። ጽሑፉ ሲቀመጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ቤት እየቀየራችሁ እዚያ አስገቡ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም አትርሱ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም ወደ አንድ ይሂዱ። ሁለት ነጥብን ወደ ክፍተት ለውጡ። አንባቢው የሚፈልገውን ቃልም በዚያው ፈንክሽን አሳልፉት። የሚታየውን ጽሑፍ ግን በፍጹም አትንኩ፤ ነጋዴው እንደጻፈው ይታይ።

አፋን ኦሮሞ የራሱ ጉዳይ አለው። በቁቤ ሁዻን፣ ማለትም ጉሮሮ ላይ የሚቆረጠውን ድምፅ፣ የምታመለክተው ነጠላ ጭረት በስልክ ሲተየብ አንዴ ቀጥ ያለች፣ አንዴ የታጠፈች፣ አንዴ ወደ ኋላ ያዘመመች ሆና ትመጣለች። መፈለጊያው ላይ ሁሉንም ወደ ቀጥታዋ ቀይሩ። ይህች ጭረት በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ በኤስኪውኤል ውስጥ ጽሑፍን የምትዘጋ ምልክትም ናት። የተጠቃሚን ጽሑፍ ከጥያቄው ጋር በቀጥታ የምትቀጥሉ ከሆነ ጤነኛ የአፋን ኦሮሞ ቃል ገጹን ያበላሸዋል፤ ተንኮለኛም ይገባበታል። ሁልጊዜ በፓራሜትር፣ ማለትም ጽሑፉን ከጥያቄው ለይታችሁ፣ አስተላልፉ።

ፖስትግሬስ ሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ላይ ለአማርኛም ለአፋን ኦሮሞም የተዘጋጀ የቃል ሥር መለያ የለውም። "ሲምፕል" የሚለውን ምረጡ። አማርኛ ላይ "የጅማ"፣ "ለጅማ"፣ "በጅማ" ሁሉም ጅማን ስለያዙ በሙሉ ቃል ብቻ መፈለግ አይበቃም። ቃልን በሦስት በሦስት ፊደል የሚከፍለው የትራይግራም ኤክስቴንሽን የቃልን ክፍል ስለሚፈልግ ይሻላል።

9. አድራሻና ካሽ

ቋንቋው በገጹ አድራሻ ውስጥ ይግባ። በኩኪ (ብራውዘሩ በሚይዘው ትንሽ መረጃ) ብቻ ከተያዘ የተላከ ሊንክ ለሌላው ሰው በሌላ ቋንቋ ይከፈታል፤ የፍለጋ ሞተሮችም አንዱን ቋንቋ ብቻ ያያሉ። የግዕዝ ፊደል አድራሻ ላይ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ወደ 9 ምልክት ይቀየራል፤ "ቡና" ብቻ 18 ምልክት ይሆናል። በቴሌግራም ሲላክ አስቀያሚ ነው። የቋንቋ ኮድ፣ የዕቃው ቁጥርና አጭር የላቲን ስም ይበቃሉ። ካሽ (አንዴ የተዘጋጀ ገጽ ለጊዜው የሚቀመጥበት) የምትጠቀሙ ከሆነ ገጹ የሚቀመጥበት ቁልፍ ውስጥ የቋንቋ ኮዱን አስገቡ። አለበለዚያ አንዱ የከፈተው አማርኛ ገጽ እንግሊዝኛ ለመረጠው ይወጣል።

10. ቀድሞ የተሠራ ድረ ገጽ ካላችሁ

ኮለሞቹ በየቋንቋው የተደረደሩበት ድረ ገጽ ይዛችሁ ከሆነ በአንድ ሌሊት አትገልብጡት። መጀመሪያ ባክአፕ ውሰዱ፤ ባክአፑንም ሌላ ማሽን ላይ ከፍታችሁ መሥራቱን እዩ። የትርጉም ቴብሉን ፍጠሩ። መተግበሪያው አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ በሁለቱም ቦታ እንዲጽፍ አድርጉ። ከዚያ የቆየውን ወደ ትርጉም ቴብሉ ቅዱ፤ ባዶ የሆኑትን ዝለሉ፤ ቅጂው እየሄደ የታረመውን አዲስ ረድፍ በአሮጌው ጽሑፍ አትደርቡበት። የመነሻ ቋንቋውን በግምት አትሙሉ። ነጋዴው መጀመሪያ የጻፈበትን ቋንቋ ካላወቃችሁ ደውላችሁ ጠይቁት።

በየቋንቋው ያለውን የረድፍ ብዛት ከድሮው ኮለም ጋር አመሳክሩ። ሲገጥም ንባቡን ወደ አዲሱ ቴብል አዙሩ። በሁለቱም ቦታ መጻፉ ለጥቂት ጊዜ ይቀጥል፤ ነገሩ ቢበላሽ ወደ ኋላ መመለሻ ይሆናችኋል። ቅሬታ ሳይመጣ ከቆየ በሁለቱ ቦታ መጻፉን አቁሙና የድሮዎቹን ኮለሞች አጥፉ።